ሆድ ያወጣው ግንብ

በመጽሔት የሒስ ገጽ ላይ ልቦለድ ይተቻል፣ ግጥም ይመረመራል፣ አንዳንዴም ቴአትር ይወቀሳል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ግን ማንም ከራስጌው አስቀምጦ የማያነበውን፣ ከመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ የሚቀረውን ጽሑፍ ነው፤ የምህንድስና ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የሚጽፉትን ሪፖርትና የመመረቂያ ጥናት። «ይህ ደግሞ ምኑ ይተቻል?» የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጽሑፍ ነው፤ ጸሐፊ አለው፤ ጸሐፊውም ቃል ይመርጣል። የመረጠው ቃል አንዳንዴ ከመጥፎ ልቦለድ ይልቅ ሰው ይጎዳል። ለእኔ ይህ ይበቃኛል።

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ለምህንድስና ተማሪዎች የጽሑፍ ትምህርት ስሰጥ ፀጉሬ ሸብቷል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምተቸው የልጆቹን ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ የራሴንም ቀይ እስክሪብቶ ነው።

መጀመሪያ የጽሑፎቹን መልክ ላሳይ። አብዛኞቹ የሚከፈቱት «ናውአዴይስ» በሚለው ቃል ነው፤ ልክ የእኛ ተረት «ከዕለታት አንድ ቀን» ብሎ እንደሚነሳ። ቀጥሎ የጥናቱ ጉዳይ፣ ሲሚንቶም ይሁን የውሃ ቧንቧ፣ ለአገር ዕድገት «ቫይታል ሮል» እንዳለው ይበሰራል። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ይሰወራል። «አየሁ»፣ «ለካሁ»፣ «ተሳሳትኩ» የሚል ሰው የለም፤ ነገሮች በራሳቸው ጊዜ «ኦብዘርቭድ» ይሆናሉ። ተማሪው በመዶሻ አልተጠቀመም፤ መዶሻውን «ዩቲላይዝ» አደረገው እንጂ። ቧንቧው አላንጠባጠበም፤ «ሰም ፕሮብለም» ታየበት እንጂ። በመጨረሻም የተገኘው ውጤት «ሲግኒፊካንት» ነው። ምን ያህል? ከምን አንጻር? መልስ የለም።

ባልደረቦቼ ይህን በሽታ «የቃላት እጥረት» ይሉታል። እኔም ለረጅም ዘመን አብሬ ስል ኖሬያለሁ። አሁን ግን እጥረት አይመስለኝም። «ኢምፕሌመንቴሽን»ን፣ «ኦፕቲማይዜሽን»ን አንድ ፊደል ሳያዛንፍ የሚጽፍ ልጅ ቃል አጠረው ማለት ይከብዳል። ያጠረው ትንንሹ ቃል ነው። ማንጠባጠብ፣ መርገብ፣ መጉበጥ፣ መላላት፣ መንቃት፣ መፈርፈር፣ መላጥ። እነዚህን አፉን በፈታበት ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ፣ አሳምሮ ያውቃቸዋል። በእንግሊዝኛ ግን አልተዋወቃቸውም። የት ይተዋወቃቸው? እንግሊዝኛ ለእሱ የማድ ቤት፣ የጓሮ፣ የጠብ ቋንቋ ሆኖ አያውቅም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የመማሪያ ቋንቋ አደረገው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሥርዓት ደግሞ ከሰባተኛ ክፍል ይጀምር ነበር። ያም ሆነ ይህ ቋንቋው የመጣው ከጥቁር ሰሌዳ ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ ወተት ደፍቶ አልተቆጡትም፤ ጣሪያው በእንግሊዝኛ አፍስሶበት ባልዲ አልደቀነም።

እኔስ ይህን ጉድለት ለመሙላት ምን አደረግሁ? ዝርዝር አባዛሁ። የቋንቋ ትምህርት ሰዎች ዝርዝር እንወዳለን። ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ሁለት ሺህ ያህል መሠረታዊ የእንግሊዝኛ ቃላት የያዘ ዝርዝር አለ። በ2000 ደግሞ አቨሪል ኮክስሄድ የተባሉ የኒውዚላንድ ምሁር በዌስት ዝርዝር ውስጥ የሌሉ፣ ነገር ግን በዩኒቨርሲቲ ጽሑፎች ደጋግመው የሚገኙ 570 የቃላት ቤተሰቦችን ለይተው አወጡ። ሦስት ሚሊዮን ተኩል ቃላት ካሉበት የጽሑፍ ክምችት ተቆጥሮ የተገኘ ጥንቁቅ ሥራ ነው፤ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ክምችቱ ከአርት፣ ከንግድ፣ ከሕግና ከሳይንስ የተውጣጣ እንጂ ምህንድስና በውስጡ አልነበረም። ይህን ያስተዋልኩት ዝርዝሩን ለዓመታት ለምህንድስና ተማሪዎች ካደልኩ በኋላ መሆኑን ስናገር አፍራለሁ። ታይላንድ ውስጥ ያስተማሩት ጀረሚ ዋርድ በ2009 ከምህንድስና መማሪያ መጻሕፍት 299 ቃላት ብቻ መርጠው ለጀማሪዎች ሲያቀርቡ፣ ቢያንስ የሰውየው ዓይን ወደ ትክክለኛው መደርደሪያ ዞሯል አልኩ።

የዝርዝር ጠባይ ግን ያው ነው። ቃሉን ይሰጥሃል፤ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል አይነግርህም። በእኛ ቋንቋ እንጀራ ይጋገራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ቡና ይፈላል፣ ወጥ ይሠራል። «ጠላ ጋገርኩ» ያለ የውጭ አገር ሰው ቃል አላጠረውም፤ የቃሉን ባልንጀራ አላወቀም እንጂ። የእኔም ተማሪ «ቢግ ፕሬዠር» ብሎ ሲጽፍ እንደዚሁ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግፊት «ሃይ» ይሆናል፣ ጭነት «ሄቪ» ይሆናል፣ ቦታ መለዋወጥ አይወዱም። እንዲህ ያለው ስህተት ያስቃል እንጂ ብዙ አይጎዳም፤ አንባቢው ይገባዋል።

የሚጎዳው ሌላ ነው፤ ምንጩም እኔ ነኝ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ልጆች «አንድን ቃል አትደጋግሙ፣ ተመሳሳዩን ፈልጉ» እየተባልን ነው ያደግነው። እኔም ይህንኑ ምክር ለምህንድስና ተማሪዎች ሳልቀንስ አስተላለፍኩ። አንድ ልጅ ታዲያ ስለ ብሎኬት ጥናት ጻፈ። ብሎኬቱን መጭመቂያ ውስጥ አስገብቶ እስኪፈረካከስ ጫነው፤ ምን ያህል ጭነት እንደቻለ መዘገበ። ፈተናው ይኸው ነው። ሲጽፈው ግን በመጀመሪያው አንቀጽ «ስትሬንግዝ» አለ፤ በሁለተኛው ላለመድገም «ሃርድነስ»፤ በሦስተኛው «ታፍነስ»፤ በአራተኛው «ስቲፍነስ»። ጎሽ ብዬ የራይት ምልክት አደረግሁለት። አራቱንም በአማርኛ «ጥንካሬ» ስለምንላቸው ለእኔ አንድ ነበሩ። ለመሐንዲስ ግን አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው አንድ ነገር ከመሰበሩ በፊት ምን ያህል ይችላል ማለት ነው፤ ሁለተኛው አለመጫጫርና አለመሰርጎድ ነው፤ ሦስተኛው ከመሰበሩ በፊት ስንት ምት ይውጣል ነው፤ አራተኛው ሲጫኑት አለመተጣጠፍ ነው። መስታወት በሁለተኛው አንቱ የተባለ ሲሆን በሦስተኛው ድሃ ነው፤ አንድ ጠጠር ይበቃዋል። የመኪና ጎማ ደግሞ በተቃራኒው። ጽሑፉን ያሳየሁት መሐንዲስ ጓደኛዬ አንብቦ ሲጨርስ «ይህን ልጅ አራት ፈተና ፈተነ አስባልከው፤ እሱ ያደረገው ግን አንድ ነው» አለኝ። በግጥም ጸጋ የሆነው ነገር በሪፖርት ውስጥ ውሸት ሆኖ አረፈው።

ወደ ግንቡ ልምጣ። ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ ነው፤ ቦታውንም ያሠራውንም መሥሪያ ቤት አልጠቅስም። አራተኛ ዓመት የደረሰ አንድ ተማሪዬ ለተግባር ልምምድ ከከተማ ዳር ወዳለ የግንባታ ቦታ ተልኮ ነበር። ቦታው ቁልቁለት ስለሆነ ከመንገዱ በላይ ያለውን አፈር የሚይዝ የድንጋይ ግንብ አለ። ልጁ ሪፖርቱን ከማስረከቡ በፊት ረቂቁን እንዳርምለት አመጣልኝ። አንዱ አንቀጽ ዛሬም በቃሌ አለ። ግንቡ በመንገዱ በኩል «ስቶመክ» አውጥቷል፤ ሆዱ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ይጀምርና ደረቴ ጋ ሲደርስ ይመለሳል፤ ከታች ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነዋል፤ ትልቅ ዝናብ ዘንቦ ባደረ ማግስት እንኳ በቀዳዳዎቹ ጠብታ አይወጣም፤ ስለዚህ ውሃው ከግንቡ ኋላ ነው ያለው። እንዲህ ነበር የሚለው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

«ስቶመክ» የሚለውን በቀይ ከበብኩት። ከኅዳጉ ላይ «ቃል በቃል ትርጉም፣ ለሪፖርት የማይሆን» ብዬ ጻፍኩ። ጉልበቱንና ደረቱንም ሰረዝኩለት፤ ሪፖርት ውስጥ የጸሐፊው አካል ምን ያደርጋል? ከዝርዝሩ ላይ የተሻለ ቃል እንዲፈልግ መከርኩት። ልጁ ታዛዥ ነበር። በሳምንቱ ይዞት የመጣው አንቀጽ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በግንባታው ላይ የተወሰነ ዲፎርሜሽን ታይቷል፤ የውሃ ማስወገጃ ሥርዓቱም መሻሻል ይኖርበታል» የሚል ነው። ሰዋስዉ እንከን አልነበረውም። ኤ ሰጠሁት። አንዱ ቅጂ ለትምህርት ክፍሉ፣ አንዱ ቅጂ ለሥራ ቦታው ቢሮ ገባ።

ነሐሴ ላይ ግንቡ ወደቀ። ሌሊት ስለነበር ሰው አልሞተም። ከሥሩ ጉልት ተቀምጣ ድንችና ከሰል የምትቸረችር ሴት ነበረች፤ በሸራ ሸፍና ትታው የሄደችውን ዕቃ ድንጋዩ በላው። ይህን የነገረኝ ያው ልጅ ነው። ሊወቅሰኝ አልነበረም የመጣው፤ ወረቀት ላስፈርም ብሎ ነው።

«ቲቸር፣ ያ ግንብ እኮ ወደቀ» አለኝ።

«የትኛው ግንብ?»

«ሆድ ያወጣው።»

ሪፖርቱ በመጀመሪያው ቃሉ ቢቀርብ ግንቡ ይተርፍ ነበር አልልም። የተማሪ ሪፖርት በዚያ ቢሮ ይነበብ እንደነበርም እጠራጠራለሁ። ካቦውና ግንበኞቹ የግንቡን ነገር ከእኛ በፊት ያውቁት ነበር፤ «ሆድ አወጣ» የሚለውን አነጋገር ልጁ የሰማው ከእነሱ ነው። ግን የሚያውቁት ሰዎች በእንግሊዝኛ አይጽፉም፤ ቢሮው ደግሞ የሚቀበለው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ነው። ከግንበኛው አፍ ወደ ቢሮው ወረቀት የሚያሻግር አንድ ሰው ነበረ፤ እሱን ድልድዩ ላይ ቆሜ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነው የምህንድስና እንግሊዝኛን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው ማንበብ የጀመርኩት። ያገኘሁት ነገር አስደነገጠኝ። አፈር የሚይዝ ግንብ መሠረቱ ላይ በፊት በኩል «ቶ»፣ በኋላ በኩል «ሂል» አለው፤ የእግር ጣትና ተረከዝ ማለት ነው። የመንገድ ዳር «ሾልደር» ነው፣ ትከሻ። የሚታጠፍ ቧንቧ «ኤልቦ» ነው፣ ክርን። ብየዳ «ስሮት» አለው፣ ጉሮሮ። እነዚያ በጭቃ የተደፈኑ ቀዳዳዎችስ? እንግሊዝኛ «ዊፕ ሆል» ይላቸዋል፤ የሚያለቅሱ ቀዳዳዎች! ተረከዝና የእግር ጣት ባለው፣ በሚያለቅስ ግንብ ላይ ሆድ መኖሩ ነውር ነው ብዬ ነበር ለካ ቀይ ቀለም የጨረስኩት።

እርግጥ ነው፣ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ግንቡ «ስቶመክ» አወጣ አይልም። የሚለው «በልጅ» ነው፤ ቃሉ በፊደላችን ሲጻፍ ልጅ በደል የፈጸመ ያስመስለዋል። የቃሉን ዘር ብትቆጥሩት ከላቲኑ «ቡልጋ» ላይ ይደርሳል፤ የሸዋው ቡልጋ አይደለም፣ የቆዳ ከረጢት ማለት ነው። እንግሊዙ ግንቡን ሲያይ የተነፋ ስልቻ ታየው፣ የእኛ ግንበኛ ሆድ ታየው። ልዩነቱ ይኸው ነው። የልጁ ቃል መታረም ነበረበት፤ ግን እጅ ወደሚዳስሰው ሌላ ቃል እንጂ ወደ ጭጋግ አልነበረም። ለምን እንዲያ እንዳላረምኩት ልናገር፤ በዚያን ቀን «በልጅ» የሚለው ቃል ለእኔም አልመጣልኝም። ቃሉን ስላላገኘሁት ነገሩን ሰረዝኩት። «ዲፎርሜሽን» ግን ሁልጊዜም ከኪሴ አይጠፋም።

ይህ ጭጋግ በባዕድ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ብቻ ዕዳ ነው እንዳይባል አንድ የታወቀ ጉዳይ ላንሳ። ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 2003 ስትነሳ ከነዳጅ ታንኳ ላይ የተገነጠለ የፎም ቁራጭ ግራ ክንፏን መታው። መንኮራኩሯ ገና በምሕዋር ላይ ሳለች የቦይንግ መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምግመው ለናሳ ኃላፊዎች በስላይድ አቀረቡ። የመረጃ አቀራረብ ሊቁ ኤድዋርድ ተፍቲ በኋላ አንዱን ስላይድ ቃል በቃል ሲመረምሩት «ሲግኒፊካንት» የሚለው ቃልና ዘመዱ አምስት ጊዜ ሰፍረው አገኙ፤ አንዱ ቦታ ላይ በመሣሪያ የሚታይ ትንሽ ለውጥ፣ ሌላው ቦታ ላይ ሰው የሚጨርስ ጉዳት ለማለት። የሙከራው መረጃ የተገኘው በ3 ኪዩቢክ ኢንች ቁራጭ ሲሆን ክንፉን መታው ተብሎ የተገመተው ግን 1920 ኪዩቢክ ኢንች መሆኑ ከገጹ ግርጌ ተሸጉጧል። የካቲት 1 ቀን መንኮራኩሯ ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች አለቁ። የአደጋው መርማሪ ቦርድ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት የተፍቲን ትችት አካትቶታል። እነዚያ መሐንዲሶች እንግሊዝኛን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት ናቸው። የእኔ ተማሪ «ሲግኒፊካንት» ሲል ከማን እንደተማረው አትጠይቁኝ።

መፍትሔው ምህንድስናን በአገር ቋንቋ ማስተማር ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ክርክሩ ነውር የለበትም፤ የቀድሞው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የደከመበት የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም ሥራው የሚቻል መሆኑን ያሳያል። ግን የትልልቁ ግንባታ ጨረታ፣ ኮንትራትና ስሌት በእንግሊዝኛ በሚጻፍበት አገር የዛሬው ተማሪ ያን ቀን ቁጭ ብሎ ሊጠብቅ አይችልም። እኔን ይልቅ የሚገርመኝ የሠራተኛው ቋንቋ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፌሮ፣ አርማታ፣ ሊሾ፣ ላሜራ፣ ችንጋ፣ ፍሪሲዮን። ሁሉም የጣልያን ቃላት ናቸው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁሉ ያለ ስህተት ይጠቀምባቸዋል። ፒንሳ ሲባል ካቻቢቴ ያቀበለ ረዳት አይቼ አላውቅም። ለእነዚህ ሰዎች ማንም ዝርዝር አላባዛላቸውም። ዕቃው እጃቸው ላይ እያለ ስሙን ሰሙ፤ በቃ። አቀብል ሲባሉ የተሳሳተ ዕቃ ያቀበሉ ደግሞ ተሰደቡ።

ከዚህ ተነስቼ ባለፈው ዓመት ክፍል ስገባ ዝርዝሩን ቢሮ ትቼ የተበላ ችንጋ፣ የዛገ ብሎን፣ የነቃ የሸክላ ድስት በፌስታል ይዤ ገባሁ። ተማሪዎቹ ሳቁብኝ። «ምን ሆኗል? መጀመሪያ በየቋንቋችሁ» አልኳቸው። ለድስቱ ብቻ ሰሌዳው ሞላ፤ ስንጥቁ እስከ ታች የወረደ እንደሆነና ላዩን ብቻ የነካ እንደሆነ የተለያየ ቃል ያላቸው ልጆች ነበሩ። ከዚያ እንግሊዝኛውን ፍለጋ ገባን፤ ለአንዳንዱ አገኘን፣ ለአንዳንዱ ሁለት ቃል አገጣጠምን፣ ለአንዱ ደግሞ ደወሉ እስኪደወል ተጨቃጨቅን። የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው፤ ተአምር ሠራሁ ማለቴ አይደለም። በወሩ መጨረሻ የመጣልኝ ሪፖርት አብዛኛው እንደገና «ናውአዴይስ» ብሎ የጀመረ ነበር።

አንዱ ግን አልጀመረም። የጻፈችው ልጅ አጎቷ የእህል ወፍጮ አለው። የሪፖርቷ መጀመሪያ እንዲህ ይላል፦ እርጥብ እህል ሲገባ ችንጋው ይንሸራተታል። መጀመሪያ ድምፁ ይቀጥናል። ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ጭሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጎቴ ሞተሩን የሚያጠፋው ሽታው ላይ ነው፤ እኔ ድምፁ ላይ የሚያጠፋ መሣሪያ መሥራት እፈልጋለሁ።

«ይቀጥናል» ያለችው ላይ እጄ ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ሄደ። «ስን» ብላ ነው የጻፈችው፣ ቀጭን ለማለት። ከበብኩት። ከዚያ ልጅቷን አስጠራሁና «እስኪ ድምፁን አሰሚኝ» አልኳት። አፍራ ሳቀች፤ በሩን ዞር ብላ አየች፤ ጥርሷን ነክሳ አንድ ረጅም፣ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ አወጣች። መዝገበ ቃላቱን መሀላችን አድርገን አንድ በአንድ እያነበብኩላት ሄድን። ሁለቱን «አይደለም» አለች። «ስኩዊል» ላይ ስንደርስ፣ አሳማ ሲያዝ የሚያወጣው ድምፅ ይላል መዝገበ ቃላቱ፣ የመኪና ጎማም ሲንሸራተት፣ «እሱ ነው» ብላ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችው።